ወፍራም ወረቀት ሲገባ፦ የኢንክጄት ፕሪንተርን የሄድ ከፍታ እንዴት እናስተካክል?

ጥር ነበር። ደሴ ላይ በጥር የኅትመት ሥራ ማለት የሠርግ መጥሪያ ማለት ነው። አንዲት እናት ከሐይቅ መጥተው የልጃቸውን ካርድ አዘዙኝ፤ 200 ፍሬ፣ በወፍራም ክሬም ሀርድ ፔፐር። ናሙናውን በተራ ወረቀት አውጥቼ አሳየኋቸው። ወደዱት። ማታ ሀርድ ፔፐሩን ጭኜ ፕሪንት አዘዝኩና ወደ ሌላ ሥራ ዞርኩ። ስመለስ ከ40 በላይ ካርድ ጫፍ ጫፉ ላይ ጥቁር ጭረት ወጥቶበታል። አንዳንዱ ላይ ጭረቱ የሙሽራዋን ስም አቋርጦታል።

በማግስቱ ሲመጡ የሆነውን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። «አብሽር ልጄ፣ ሠርጉ ገና ነው» አሉኝ። ካርዱን በራሴ ወጪ ደግሜ ሠራሁ። ከዚያ በኋላ ግን ይህን ነገር ከሥሩ ሳልረዳው ሌላ ሀርድ ፔፐር አልጭንም ብዬ ቁጭ አልኩ። አሁን የምጽፈው ያኔ የተማርኩትንና ከዚያ ወዲህ በሥራ ያረጋገጥኩትን ነው። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያ፣ በሐይቅ አንድ ሁለት ፕሪንተር ይዛችሁ ሱቅ ለከፈታችሁ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም በፊት ቅደም ተከተሉን ያዙ። መጀመሪያ ወረቀቱ ይስተካከላል። ቀጥሎ ሄዱ፣ ማለትም ቀለሙን የሚረጨው የማሽኑ ክፍል፣ ከፍ ይላል። በመጨረሻ አላይመንት፣ ማለትም የቀለም ጠብታው የሚያርፍበትን ቦታ ማስተካከል፣ ይሠራል። ብዙዎቻችን ሁለተኛውን ብቻ ሠርተን ለምን አልተስተካከለም እንላለን።

ክፍተቱ ምን ያህል ነው?

ኢንክጄት ወረቀቱን ነክቶ አያትምም። ከሄዱ ሥር ያሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች፣ ኖዝል የምንላቸው፣ ቀለሙን በጠብታ ይረጫሉ። ጠብታው በአየር ላይ ተጉዞ ነው ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው። በቤትና በቢሮ ፕሪንተር ይህ ክፍተት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

አሁን ወረቀቱን አስቡት። ተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ባለ 250 ግራም ሀርድ ፔፐር 0.3 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ታዲያ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት እያለ ሄዱ ለምን ወረቀቱን ይመታዋል?

ወፍራም ወረቀት ስለማይታጠፍ ነው። ቀጭኑ ወረቀት ሮለሩ ሲጫነው ይተኛል። ወፍራሙ ግን ገትሮ ይሄዳል። ከኋለኛው ሮለር ሲለቀቅ ጫፉ ቀና ይላል። ትንሽ የተጠማዘዘ ከሆነ ደግሞ ማዕዘኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሊነሳ ይችላል። ሄዱን የሚያገኘው ያ የተነሳው ማዕዘን ነው። ጭረቱ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ የሚታየውም ለዚህ ነው። እኔ ይህን ስረዳ ግማሹ ችግር ተፈታልኝ።

ሄዱን ከመጠን በላይ ከፍ ማድረግም ዋጋ ያስከፍላል። ጠብታው በሚወርድበት ጊዜ ሄዱ ወደ ጎን እየሮጠ ስለሆነ ጠብታው ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ሄዱ ወደሚሮጥበት አቅጣጫ ይሸራተታል። ለምሳሌ ሄዱ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ይሮጣል፣ ጠብታው ደግሞ በሰከንድ 5 ሜትር ይወርዳል እንበል። ክፍተቱን በ1 ሚሊ ሜትር ከጨመርን ጠብታው 0.1 ሚሊ ሜትር ተጨማሪ ይሸራተታል። ሄዱ ሲመለስ ደግሞ ወደ ሌላኛው ጎን 0.1 ይሸራተታል። በሁለቱ መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተፈጠረ ማለት ነው። ይህ ከፀጉር ውፍረት ይበልጣል። ቀጥ ያለው መስመር ሁለት ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው።

ለእኛ ለአማርኛ አታሚዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቡ እና ቢ የሚለዩት በአንዲት ትንሽ ቅጥያ ነው፤ አንዱ ወገቡ ላይ፣ ሌላው እግሩ ላይ። ፊደሉ ትንሽ ከሆነና ኅትመቱ ከደበዘዘ የሰው ስም ይቀየራል። በምስክር ወረቀት ላይ ስሙ የተበላሸበት ተማሪ ደግሞ ጣጣው ለዓመታት ይከተለዋል።

ምልክቱን ለዩ

ሄዱ ዝቅ ካለ፦ ጫፍ ላይ ጭረት ወይም የቀለም ብክለት ይታያል። ሲያትም የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ወረቀቱ ይጣመማል ወይም ማሽኑ ውስጥ ይያዛል። ከዚያ በኋላ ኖዝል ቼክ፣ ማለትም የኖዝሎቹን መፈተሻ ገጽ፣ ስታወጡ የጠፉ መስመሮች ይኖራሉ።

ሄዱ ከፍ ካለ፦ ጭረት የለም፤ ግን ፊደሉ ስስና ብዥ ያለ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ጥርስ ያወጣል ወይም ጥንድ ይሆናል። በጽሑፉ ዙሪያ እንደ ጉም ያለ ጥቃቅን የቀለም ርጭት ይታያል። ማሽኑ ውስጥም ቀለሙ ቶሎ ይጠራቀማል።

ወረቀቱን ለኩ

ግራም የክብደት መለኪያ እንጂ የውፍረት መለኪያ አይደለም። አብረቅራቂ ሽፋን ያለው ባለ 250 ግራም ወረቀት ሽፋን ከሌለው ባለ 250 ግራም ሊቀጥን ይችላል። ስለዚህ ለኩ።

ካሊፐር ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ 20 ሉህ ደርድሩና በመጽሐፍ ጠበቅ አድርጋችሁ ቁልሉን በማስመሪያ ለኩት። 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ ለ20 አካፍሉት፤ የአንዱ ውፍረት 0.3 ነው። ቁጥሩን በማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ ጻፉት። ያው ወረቀት እንደገና ሲመጣ መለካት አያስፈልጋችሁም።

ፖስታ ልዩ ነው። ሁለት ድርብ ብቻ ሳይሆን የተጣበቀበት ቦታ ላይ ሦስትና አራት ድርብ ይሆናል። ውስጡ አየር ካለ ደግሞ ይነፋል። መዳፋችሁን ጭናችሁ አየሩን አስወጡና ስፌቱን በማስመሪያ ጠርዝ ተጫኑት።

ከመርካቶ የሚመጡት የሠርግ ካርዶች ደግሞ ብዙ ጊዜ በወርቃማ ቀለም የተነፋ አበባ ወይም ሪቫን አላቸው። እነሱን ወደ ፕሪንተሩ አታስገቡ። ከፍታውን ጨምሬ አሳልፈዋለሁ አትበሉ። ጽሑፉን በቀጭን ወረቀት አትሙና ውስጡ ለጥፉት። ያምራልም፣ ሄዱም ይተርፋል።

ወረቀቱን አስተኙ

ይህ ክፍል ለእኛ ለደሴዎች ከሁሉም ይበልጣል። ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ይወርድና ሱቅ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ኮምቦልቻ በመኪና ቅርብ ናት፤ ግን ቆላ ቀመስና ሞቃት ናት። ከእሷ የመጣ ደረቅ ወረቀት ደሴ ላይ ሲከፈት እርጥበቱን መጀመሪያ የሚጠጣው ጠርዙ ነው። ጠርዙ ያብጣል፣ መሃሉ ባለበት ይቀራል። ወረቀቱም እንደ ቀሚስ ጥለት ይሞገዳል።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። አዲስ ወረቀት ሲመጣ ማሸጊያውን ሳልከፍት አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ አሳድረዋለሁ። ሲሚንቶ ላይ አላስቀምጠውም፤ ጣውላ ወይም መደርደሪያ ላይ ነው። ከከፈትኩ በኋላ ለዕለቱ የሚበቃኝን ብቻ አወጣና የቀረውን በፌስታል አስሬ አስተኛዋለሁ። ወረቀት በጭራሽ ግድግዳ ተደግፎ አይቆምም።

ከመጫኔ በፊት አንድ ሉህ መስታወት ላይ አስተኝቼ ዐይኔን ከጠረጴዛው እኩል አድርጌ አያለሁ። ማዕዘኑ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ከተነሳ አልጭነውም። ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ በቀስታ ጠቅልዬ እለቀዋለሁ። ብዙ ከሆነ ከባድ ነገር ጭኜበት ላሳድረው እችላለሁ። የታጠፈ ካርድ ከሆነ ማጠፉ ከኅትመት በኋላ ይሁን። መታጠፊያው መስመር ራሱ ጉብታ ነው።

ሄዱን ከፍ ማድረግ፦ የጠረጴዛ ፕሪንተር

በአሮጌ የኤፕሰን ሞዴሎች ላይ ሽፋኑ ሲከፈት ትንሽ ማንሻ ይታያል። ዜሮና የመደመር ምልክት አለው። ዜሮ ለተራ ወረቀት ነው፤ ለሀርድ ፔፐርና ለፖስታ ወደ መደመሩ ይገፋል። አንዳንድ አሮጌ የካነን ሞዴሎችም ውስጣቸው ተመሳሳይ ማንሻ አላቸው። ማተም ሳይጀመር ይገፋል፤ እያተመ አይነካም።

አዳዲሶቹ ላይ ማንሻ የለም። ሥራው ከኮምፒውተሩ ነው።

1. በፕሪንተሩ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ላይ ፕሪንተሩን በሚያዘው ፕሮግራም) ውስጥ መጀመሪያ የወረቀቱን ዓይነት ምረጡ። ሀርድ ፔፐር ጭናችሁ «ፕሌን ፔፐር» ካላችሁት ማሽኑ ለቀጭን ወረቀት ይዘጋጃል። የቀለሙን መጠንም ያዛባዋል።

2. ኤፕሰን ከሆነ ወደ «ሜንቴናንስ» ገጽ ሂዱ፤ «ኤክስቴንድድ ሴቲንግስ» የሚለውን ክፈቱ። ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ስለ ወፍራም ወረቀትና ፖስታ የሚናገር፣ «ቲክ ፔፐር» ብሎ የሚጀምር ሳጥን አለ። ምልክት አድርጉበት።

3. ካነን ከሆነ በ«ሜንቴናንስ» ሥር «ከስተም ሴቲንግስ» ውስጥ «ፕሪቨንት ፔፐር አብሬዥን» የሚል ታገኛላችሁ። ወረቀት እንዳይፋቅ ማለቱ ነው። ምልክት ስታደርጉበት በሄዱና በወረቀቱ መካከል ያለውን ክፍተት ያሰፋዋል።

4. ከኋላ መጋቢ ካለው በእሱ ጫኑ። ከታች ካለው መሳቢያ የሚገባ ወረቀት ወደ ላይ ዞሮ ነው የሚወጣው፤ ወፍራም ወረቀት ያን ዙር አይወደውም። ተጠማዞ ይወጣል። የኋላው መንገድ ግን ቀጥ ያለ ነው።

5. መጀመሪያ አንድ ብቻ አትሙ። ድምፁን አዳምጡ። ጫፎቹን በጣት ሳይሆን በዐይን መርምሩ። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ የቀረውን። ጥር ላይ እኔ የዘለልኩት ይህንን ነው።

አሁንም ጭረት ካለ የገጹን ኅዳግ አስፉ። ጫፍ ላይ ቀለም ካልተረጨ ሄዱ እዚያ ብዙ አይቆይም። ንድፉ ጫፍ ድረስ ቀለም የሚፈልግ ከሆነ ከሚፈለገው ሰፋ ያለ ወረቀት ላይ አትሙና ቁረጡት።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። የጠረጴዛ ፕሪንተር ፈታታችሁ ከሄዱ ወይም ከሐዲዱ ሥር ሮንዴላ አታስገቡ። ሲሠራ አይቻለሁ። ለሳምንት ጥሩ ያትማል። ሄዱ ሥራ ሲያቆም የሚያርፍበት የላስቲክ ክዳን፣ ካፕ የምንለው፣ ለቀድሞው ከፍታ የተሠራ ነው። ሄዱ ከፍ ካለ ክዳኑ አይገጥምም። አየር ይገባል፣ ኖዝሉ ይደርቃል፣ ማሽኑ ይሞታል። ማሽኑ በራሱ ማንሻ ወይም በድራይቨሩ ከፍ ሲል ግን ይህ ሁሉ ታስቦበት የተሠራ ስለሆነ አያስፈራም።

የፕላስቲክ መታወቂያ ካርድ

የመታወቂያና የባንክ ካርድ ውፍረት 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ከተራ ወረቀት ከሰባት እጥፍ በላይ። ይህን በወረቀት መጋቢ ማስገባት በፍጹም አይሆንም። የሲዲ ማተሚያ ትሪ ያላቸው ፕሪንተሮች አሉ፤ ለእነሱ የሚሆን የካርድ ትሪ ይገኛል። ማሽኑ ትሪው ሲገባ ከፍታውን ራሱ ያስተካክላል። ካርዱ ትሪው ጉድጓድ ውስጥ እኩል መተኛቱን በጣት ዳስሱ። አንዱ ጎን ከፍ ካለ አውጥታችሁ ደግሙ። ካርዱም ለኢንክጄት የተቀባ መሆን አለበት፤ ያለዚያ ቀለሙ አይደርቅም።

የባነርና የስቲከር ማሽን

እዚህ ላይ ሄዱን በእጅ የምናነሳበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ማሽን ካሪጁ (ሄዱን ተሸክሞ የሚሮጠው ክፍል) ላይ ዝቅና ከፍ የሚል ማንሻ አለው፤ እሱን መግፋት ይበቃል። ሌላው በብሎን ነው። በብሎን ለሆነው፦

የምታትሙበትን ስቲከር ወይም ባነር ጫኑ። ሂተሩ የሚሠራ ከሆነ አሙቁት፤ ባነር ሲሞቅ ስለሚነሳ በቀዝቃዛው መለካት ያሳስታል። ካሪጁን በማሽኑ ሜኑ ከካፑ አስወጡና መሃል ላይ አምጡት። ከዚያ ኤሌክትሪኩን አጥፉ። ሥራው አይርዘም፤ ሄዱ ክዳን የለውም፣ ይደርቃል።

ብዙውን ጊዜ ከሄዱ እስከ ስቲከሩ ገጽ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ሁለት አሮጌ የባንክ ካርድ አንድ ላይ ያዙ፤ ቁጥሩ ያልተነፋ ለስላሳ ካርድ ይሁን። ሁለቱ 1.5 ሚሊ ሜትር ናቸው። በሄዱ ዳር ባለው ብረት ሥር በቀስታ ይግቡ። ኖዝሉን አይንኩ። ጋራዥ የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ፊለር ጌጅ፣ ክፍተት የሚለካበት ስስ የብረት ቅጠል፣ ይኖረዋል፤ በእሱም ይለካል፤ ግን ብረት ስለሆነ ይበልጥ ተጠንቀቁ።

ብሎኖቹን አንዱን ጨርሶ ሌላውን መፍታት የለም። እያንዳንዱን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር እያላችሁ ዙሩ። አራቱም ማዕዘን ላይ ካርዱ እኩል መግባቱን እዩ። አንዱ ጎን ካዘነበለ ቀለሙ በሰንበር ይወጣል። ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ማጥበቁ ራሱ ያዛባዋል። በመጨረሻ ካሪጁን በባዶ በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ አሂዱት። አንድም ቦታ መንካት የለበትም።

ከዚያ ካፑና መጥረጊያ ላስቲኩ። ሄዱ ከፍ ካለ እነሱም በዚያው ልክ ከፍ ማለት አለባቸው። ክሊኒንግ (ማሽኑ ሄዱን ራሱ የሚያጸዳበት ትእዛዝ) አድርጉና ኖዝል ቼክ አውጡ። አንድ ሰዓት ካፑ ላይ አቆይታችሁ ደግማችሁ አውጡ። መስመር ከጠፋ ካፑ አልገጠመም። ባነሩ የሚነሳ ከሆነ ሄዱን ከማንሳታችሁ በፊት የሚስበውን ፋን ጨምሩ፣ ሂተሩን ቀንሱ፣ ጠርዙን በክላምፕ ያዙ።

አላይመንት

ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ጠብታው የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። ስለዚህ ከ«ሜንቴናንስ» ውስጥ «ፕሪንት ሄድ አላይመንት» የሚለውን አስኪዱ። አንዳንዱ ማሽን በቁጥር የተሰጡ ሳጥኖች ያትምና ነጭ ወይም ጥቁር ሰንበር የሌለበትን እንድትመርጡ ይጠይቃል። በቀን ብርሃን፣ በር አካባቢ ሆናችሁ ምረጡ። በአምፑል ብርሃን ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ። የባነር ማሽን ላይ ደግሞ ባይዳይሬክሽናል የሚባለው፣ የሄዱን ምልልስ የሚያጣጥመው ማስተካከያ የግድ ነው።

ከአላይመንቱ በኋላ የራሳችሁን መፈተኛ አትሙ። የእኔ አንድ ገጽ ነው። ከላይ ቀጫጭን ቁም መስመሮች አሉ። ከሥር «ቡ ቢ ሉ ሊ ሟ ቷ ሯ ጿ» በ6፣ በ8 እና በ10 ነጥብ። በ6 ነጥብ ቡ እና ቢ በግልጽ ከተለዩ አብሽሩ፣ ሥራው ይሂድ። ካልተለዩ «ሃይ ስፒድ» ወይም «ባይዳይሬክሽናል» የሚለውን ምልክት አንሱት። ሄዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያትማል። ይዘገያል፤ ግን ጥንድ መስመሩ ይጠፋል። ለሠርግ ካርድና ለምስክር ወረቀት እኔ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማትመው።

ሄዱ ወረቀት ከመታ

ወዲያው አቁሙ። በኃይል አትጎትቱ፤ ማሽኑን አጥፍታችሁ ወረቀቱን በሚወጣበት አቅጣጫ በሁለት እጅ እኩል ሳቡት። ከሄዱ ሥር የወረቀት ብናኝ ወይም ክር ሊቀር ይችላል። የማይበተን ጨርቅ በንጹሕ በተጣራ ውሃ አርጥባችሁ ከሥሩ አስቀምጡና ሄዱን በላዩ በቀስታ አሳልፉት። አትፈትጉ። በጣት አትንኩ። ቀለሙ ኢኮ ሶልቨንት፣ ማለትም በውሃ ሳይሆን በኬሚካል የተሠራ፣ ከሆነ ውሃ አይሆንም፤ የራሱን ማጠቢያ ተጠቀሙ፣ ጓንት አድርጉ። ከዚያ ኖዝል ቼክ። አንድ ወይም ሁለት ክሊኒንግ ካልመለሰው እየደጋገሙ ቀለም ከማፍሰስ ማሽኑን አሳድሩትና ጠዋት ሞክሩ። ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

መብራት ሲሄድም ሄዱ መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ለወፍራም ወረቀት ሥራ ትንሽም ቢሆን ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ይኑራችሁ። መብራት የተቋረጠበትን ወፍራም ወረቀት ሳታወጡ ማሽኑን መልሳችሁ አታብሩ። ሲነሳ ሄዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያሮጠዋል።

ሥራው ሲያልቅ ማንሻውን ወደ ዜሮ መልሱ፤ ድራይቨሩ ውስጥ ያደረጋችሁትን ምልክት አንሱ። እኔ ሱቄ ውስጥ ማሽኑ ላይ የምለጥፈው ቀይ ወረቀት አለኝ። ሄዱን ከፍ ሳደርግ እለጥፈዋለሁ፣ ስመልሰው አነሳዋለሁ። ጠዋት ሱቁን የሚከፍተው ታናሽ ወንድሜ ቀዩን ካየ ተራ ወረቀት አይጭንም።